ተከታታይ ድራማ የሚያልቀው መቼ ነው?

በኅዳር 1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የተባለውን ተከታታይ ድራማ 257ኛና የመጨረሻ ክፍል አሰማ። ድራማው በግንቦት 1994 ዓ.ም. ተጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ገደማ ሲተላለፍ ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቷል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴቶች መብት የሚናገረውን ሁሉ በሰዎች የኑሮ ታሪክ ውስጥ አስገብቶ ነበር የሚናገረው። ከአድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ደርሰውታል። ሲያልቅ አድማጭ አጥቶ አልነበረም።

በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ ሌላ ተከታታይ ድራማ 68ኛ ዓመቱን ሊይዝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። «ጋይዲንግ ላይት» ይባላል። በጥር 1937 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ ተጀመረ፣ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፣ በመስከረም 2009 እስኪዘጋ ድረስ ቀን ቀን እየተላለፈ 72 ዓመት ኖረ። አያት የጀመረችውን የልጅ ልጅ ጨረሰችው ማለት ነው።

አንዱ ሁለት ዓመት ተኩል፣ ሌላው 72 ዓመት። ሁለቱም ወዳጅ ነበራቸው። ታዲያ አንዱ በየዓመቱ እየታደሰ ሲቀጥል ሌላው ለምን ቆመ?

ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «ሕዝብ ስለወደደው ነው» የሚል ነው። የዘርፉ ታሪክ ግን ይህን መልስ አይደግፍም። «ጋይዲንግ ላይት» ራሱ ሲዘጋ ሁለት ሚሊዮን ያህል ተመልካች ነበረው። ሲቢኤስ ቦታውን የሰጠው ለማዘጋጀት እጅግ ለሚረክስ የሽልማት ጨዋታ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኤቢሲም እንዲሁ አደረገ፤ ከ40 ዓመት በላይ የቆየውን «ኦል ማይ ቺልድረን» ዘግቶ በምትኩ የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም አስገባ። የተመልካች ፍቅር ድራማን ያስጀምረዋል፣ ያደምቀዋልም። የሚያድሰው ግን ደሞዝ የሚከፍለው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ቺካጎ መሄድ ያስፈልጋል። በ1930 እ.ኤ.አ. ኢርና ፊሊፕስ የተባለች የቀድሞ መምህርት «ፔይንትድ ድሪምስ» የሚል የሬዲዮ ድራማ ጻፈች። ቀን ቤት የምትውል ሴት እጇ ሥራ ላይ እያለ ጆሮዋ ነፃ መሆኑን የገባቸው ግን የሳሙና ፋብሪካዎች ነበሩ። ልብስ የምታጥበው እሷ፣ ሳሙና የምትገዛውም እሷ ናት። በ1933 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኦክሲዶል የተባለውን የልብስ ሳሙናውን ለማስተዋወቅ «ማ ፐርኪንስ» ለተባለ የዕለት ድራማ ገንዘብ መክፈል ጀመረ። ኩባንያው ማስታወቂያ በማስነገር ብቻ አልቆመም፤ እያደር ድራማዎቹን ራሱ ማሠራት ያዘ። ዘርፉ እስከ ዛሬ «የሳሙና ኦፔራ» የሚል ስም የተሸከመው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። «ጋይዲንግ ላይት»ም ከፊሊፕስ ብዕርና ከዚያው የሳሙና ካዝና የተገኘ ነው።

ሁለተኛው ምሥጢር ልማድ ነው። የቀን ድራማ በየቀኑ ይመጣል። ታሪኩ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ሁለት ቀን ያመለጠው ሰው አይጠፋበትም፤ ሙሉ በሙሉ ስለማያልቅ ደግሞ ነገ የሚያስጠብቅ ነገር አያጣም። የዝግጅቱ ወጪም ዝቅተኛ ነው። አንድ ሳሎን፣ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ምግብ ቤት ስቱዲዮ ውስጥ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል። ለባለ ጣቢያው አዲስ ድራማ መጀመር ማለት ተመልካችን ከዜሮ መሰብሰብ ነው፤ አሮጌውን ማደስ ግን የለመደውን ሰው ባለበት ማቆየት ነው። ስለዚህ ከፋዩ እስካለ ድረስ ማደስ ከመዝጋት ይቀልላል።

ከፋዩ የግድ ነጋዴ መሆን የለበትም። የእንግሊዙ ቢቢሲ ከጥር 1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ዘ አርቸርስ» የተባለ የገበሬ ቤተሰብ የሬዲዮ ድራማ ያስተላልፋል። ከጦርነቱ በኋላ ምግብ በራሽን በሚታደልበት ዘመን ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ ለማስተማር ታስቦ፣ የግብርና ሚኒስቴር እያማከረው የተጀመረ ነው። ሚኒስቴሩ በ1972 አካባቢ ከዝግጅቱ ወጣ። ድራማው ግን አልሞተም፤ ሕዝቡ በየዓመቱ ለቢቢሲ በሚከፍለው ክፍያ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። አንዱ ከፋይ ሲወጣ ሌላ ስለተካው ቀጠለ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት።

ኢትዮጵያዊ አድማጭ ተከታታይ ታሪክ ይወዳል ወይ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» መልሱን ከሰጠ ቆይቷል። መጽሐፉን ያላነበበ፣ ማንበብም የማይችል ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በወጋየሁ ድምፅ ያውቃቸዋል። ትረካው ስንት ጊዜ ተደግሞ ተሰማ! ሰው መጨረሻውን እያወቀ እንደገና ያደምጠዋል።

ይህ ድምፅ አዲስ አበባ ብቻ አልቀረም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎች ከገጃ ሌላ በሐረርና በመቱ ተተክለው ነበር። መቱ የኢሉባቦር ናት። ዛሬ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጌጫም በዚያ ዘመን በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር በሞቻ አውራጃ ሥር ነበረች። ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደንና በእንሰት መካከል ለምትገኝ እንደዚህ ላለች ትንሽ ከተማ ጋዜጣ ቢደርስ እንኳ ቀኑ አልፎበት ነው። ሬዲዮ ግን የአዲስ አበባ ሰው በሚሰማበት ሰዓት ይሰማል። ለቀን ድራማ ደግሞ የቡና አገርን የመሰለ ምቹ ቦታ የለም። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይቀመጣል። ቺካጎ ላይ የሳሙና ሻጮች በጥናት የደረሱበት ሰዓት እዚህ ድሮም ያለ ነው።

ታዲያ አድማጩ አለ፣ ሰዓቱ አለ። የጎደለው ከፋዩ ነው።

«የቀን ቅኝት»ን ያዘጋጀው በዶ/ር ንጉሤ ተፈራ ይመራ የነበረው የፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የኢትዮጵያ ቢሮ ነው። ዘዴው ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን የሞከረው ነው፤ አርአያ የሚሆን፣ የሚያጠፋና በመካከላቸው የሚዋልል ገጸ ባሕርይ አቁሞ አድማጩ ከዋላዩ ጋር አብሮ እንዲማር ማድረግ። ሥራው ውጤት አሳይቷል፤ በአፋን ኦሮሞም «ዲምቢባ» የተባለ አቻ ነበረው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሥራ የሚቆመው በፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ሪፖርት ይቀርባል፣ ሒሳብ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ሌላ ርእስ ይመጣል። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ሌሎች ድራማዎችን ሠርቷል። ሆኖም አዲስ ድራማ ሲጀመር አድማጩ አዲስ ሰዎችን ከመጀመሪያው መተዋወቅ አለበት።

የቴሌቪዥኑ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ገመና» እና አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ የተጫወተበት «ሰው ለሰው» በየዘመናቸው የአገር መነጋገሪያ ነበሩ። ሁለቱም ግን በየሳምንቱ እንጂ በየቀኑ የሚመጡ አልነበሩም። በሳምንት አንዴ የሚመጣ ድራማ ይናፍቃል፤ የዕለት ልማድ ለመሆን ግን ይከብደዋል። ዓመታትን የተሻገረው የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» ነው፤ እሱም ቀልድ በመሆኑና እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ስለሚቋጭ ቢቋረጥ እንኳ ለመቀጠል አይቸግረውም። ሌሎቹ አዘጋጆች ከጽሑፍና ከቀረጻ እኩል ስፖንሰር ፍለጋ ይደክማሉ።

ያ ስፖንሰር ደግሞ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ቢራ ነበር። አሜሪካን ሳሙና እንዳስለመዳት እኛን ቢራ ይዞን ቆየ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አገደ። ለጤና የታሰበ ሕግ ነው፤ ተገቢነቱ አያጠያይቅም። ነገር ግን የጣቢያዎቹ ትልቅ የገቢ ምንጭ በአንድ ጊዜ ሲደርቅ በምትኩ ምን ይምጣ የሚለው አብሮ አልታሰበም።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን መጥቶ ነበር። የቱርክ ድራማዎችን አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ በየቀኑ ማሳየት ጀመረ። የአገር ውስጥ የጥበብ ማኅበራት ባህል ተወረረ ብለው ተቃወሙ። ስጋታቸው መሠረት አልነበረውም አይባልም። ይሁንና ጉዳዩ ከባህል በፊት የሒሳብ ነበር። የቱርኩ ድራማ ወጪው በአገሩ ተመልካችና ማስታወቂያ ተሸፍኖ፣ መቶ ምናምን ክፍሉ ተጠናቆ ነው የመጣው። እዚህ የቀረው የትርጉምና የድምፅ ሥራ ነው። ከእርሱ ጋር የሚወዳደረው ያገር ልጅ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀረጻ የመኪና ነዳጅ ያስባል። ቃና ያሳየው ነገር ቢኖር ኢትዮጵያዊ ተመልካች የዕለት ድራማ ካገኘ በየቀኑ እንደሚቀመጥለት ነው።

በመካከል አንድ የተሻለ መንገድ ታይቷል። አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ የደከሙበት «እረኛዬ» በምዕራፍ ተከፋፍሎ ቀረበ። ምዕራፍ ሲያልቅ ያርፋል፣ አቅም ሲገኝ ይመለሳል። ከፋዩ አስተማማኝ ባልሆነበት አገር ይህ ብልህነት ነው። ግን የገጠር ሕይወትን በዚያ ጥንቃቄ ለማሳየት የሚጠይቀው ወጪ ለዕለት ድራማ የሚቻል አይደለም።

አሜሪካኖቹስ? የቀን ድራማ አለቀለት ሲባል በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ሲቢኤስ «ቢዮንድ ዘ ጌትስ» የተባለ አዲስ የዕለት ድራማ ጀመረ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ማን ይመስላችኋል? የሳሙናው ኩባንያ፣ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል። 92 ዓመት አልፎም ቀመሩ ያው ነው።

ይህን ሁሉ ማንሳት ለወሬ ያህል አይደለም። ጌጫን የመሰሉ ከተሞች በማያ ገጽ ላይ የሉም። በድራማዎቻችን ውስጥ ቡና ይጠጣል፤ ቡናውን የሚለቅመው ሰው ግን ሲናገር አይሰማም። የቡና ዋጋ ሲወድቅ አንድ ቤተሰብ ምን ይሆናል? ደኑ ለኢንቨስትመንት ሲሰጥ ማሩን ከዛፍ ላይ የሚያወርደው ሽማግሌ የት ይሄዳል? ቴፒ ለሥራ የወረደችው ልጅ ለምን ሳትመለስ ቀረች? ለ72 ዓመት የሚበቃ ታሪክ እዚያ አለ። የደቡብ ምዕራብ ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት አማርኛን የሥራ ቋንቋው አድርጓል፤ ሸክኛ፣ ካፍኛና ቤንችኛ ደግሞ የየቤቱ ቋንቋዎች ናቸው። በአማርኛና በእነዚህ ቋንቋዎች የ15 ደቂቃ የሬዲዮ ድራማ ማዘጋጀት ከአንድ ስብሰባ የውሎ አበል የበለጠ ተአምር አይጠይቅም።

ከፋይም አይጠፋም። ቡና ላኪው ጥራት ያለው ቡና ይፈልጋል፤ ጥራት ደግሞ የሚጀምረው የቀላውን ብቻ ከመልቀም ነው። የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ አባላቱ እንዲሰሙት ይፈልጋል። ጤና ቢሮው ስለ ወባ በየክረምቱ በራሪ ወረቀት ከሚበትን ይልቅ የሚታመን ገጸ ባሕርይ አፍ ውስጥ ቢያስገባው ይሻለዋል። እነዚህ ሦስቱ እንደ ፕሮጀክት ጀምረው የሚዘጉ ሳይሆን ዘንድሮም ከርሞም የማይቀር ጉዳይ ያላቸው ናቸው። እንግሊዞቹ ገበሬያቸውን ያስተማሩት እንዲህ ካለ ጉዳይ ተነሥተው ነው።

እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ማን ይጽፈዋል? ማን ይተውነዋል?» የሚል ነው። ለዚህ ሰው አይታጣም። «የቀን ቅኝት»ን 257 ክፍል ድረስ ያደረሱት የዚሁ አገር ጸሐፊዎችና ተዋንያን ናቸው። ከመጀመሪያው ክፍል በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ 258ኛውን ማን ይከፍላል የሚለው ነው።