ከመስቀል አደባባይ እስከ ቀበሌ፦ የ1997ቱ ቅስቀሳ ምን አሸነፈ? በምንስ ተሸነፈ?

ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ኢሕአዴግ ደጋፊዎቹን መስቀል አደባባይ ጠራ፤ አደባባዩም ጢም ብሎ ሞላ። በማግስቱ እሑድ ተራው የቅንጅት ሆነ። ያን ቀን የሞላው አደባባዩ ብቻ አልነበረም፤ ወደ አደባባዩ የሚወስዱት መንገዶች ሁሉ ሰው ሆኑ። አዛውንቱም ወጣቱም ሁለት ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ይዘምር ነበር። ምርጫው ሊደረግ የቀረው አንድ ሳምንት ነው።

ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ። ቅንጅት አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት ያላትን 23 መቀመጫ አንድ ሳይቀር ወሰደ። በዚያው ቀን በተደረገው የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ደግሞ ከ138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1992ቱ ምርጫ፣ ተቃዋሚዎች በመላ አገሪቱ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ ያገኙት 12 ገደማ ብቻ ነበር።

በአምስት ዓመት ውስጥ ምን ተፈጠረ? የተለመደው መልስ «ሕዝቡ መሮት ነበር» የሚል ነው። እውነት ነው፣ መሮት ነበር። ግን በ1992ም መሮት ነበር። ምሬት ብቻውን ድምፅ አይሆንም። ምሬትን ወደ ድምፅ የሚለውጠው «ሌላ አማራጭ አለ፣ ጎረቤቴም እንደኔ ያስባል» የሚል እምነት ነው። ይህን እምነት የፈጠረው ደግሞ ቅስቀሳው ነው።

◾️ ክርክሩ

በዚያ ዘመን አገር የሚያየው ቴሌቪዥን አንድ ነበር፦ ኢቲቪ። ገዥው ፓርቲ ለተቃዋሚዎች ከነጻ የአየር ሰዓቱ ከግማሽ የሚበልጠውን ፈቀደ፤ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ የሚተላለፍ ክርክርም ተከፈተ። መሬት፣ ኢኮኖሚ፣ ፌዴራሊዝም፣ የባሕር በር ሁሉም ለክርክር ቀረቡ። ብርሃኑ ነጋና ልደቱ አያሌው በየሻይ ቤቱ የሚነሱ ስሞች ሆኑ። መረራ ጉዲናና በየነ ጴጥሮስም የኅብረትን አቋም ይዘው ቀረቡ።

ተመልካቹን የማረከው የክርክሩ ይዘት ብቻ አልነበረም። ሚኒስትር ሲጠየቅ፣ ሲሞገት፣ አንዳንዴም መልስ ሲያጣ ማየት ለብዙው ሰው አዲስ ነገር ነበር። ባለሥልጣን ተናግሮ የሚሄድበት፣ ሕዝብ አጨብጭቦ የሚመለስበት አገር ነው። አሁን ግን ባለሥልጣኑና ተቃዋሚው እኩል ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኩል ሰዓት ተቆጥሮላቸው ይናገራሉ። ፍርሃት የተሰበረው እዚያ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ የታየው ሰልፍ ቀድሞ በየሳሎኑና በየቡና ቤቱ ተጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ጥቅምት 1997 ላይ አራት ፓርቲዎች ተሰባስበው የመሠረቱት ቅንጅት፣ ዕድሜው ሰባት ወር ሳይሞላ ዋና ከተማዋን መጥረጉ ያለዚህ መድረክ አይታሰብም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖረው ኢትዮጵያዊም ገንዘብ በማዋጣት የዘመቻው አካል ሆነ። ኅብረትማ ቀድሞውንም የተመሠረተው በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር ነው።

◾️ የአርከበ ሱቅ ያልመለሰው ድምፅ

የአዲስ አበባ ውጤት አንድ ትልቅ ትምህርት አለው። በወቅቱ ከተማውን የሚመራው የአርከበ ዕቁባይ አስተዳደር ሥራ የለውም የሚባል አልነበረም። መንገድ ተሠርቷል፣ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀምሯል፣ ለሥራ አጦች በየመንገዱ ዳር የተሰጡት ትንንሽ ሱቆች እስከ ዛሬ «የአርከበ ሱቅ» ይባላሉ። የከተማው ምክር ቤት ምርጫ በከተማ ጉዳይ ቢወሰን ኖሮ ኢሕአዴግ ከ138 አንድ ብቻ ይዞ ባልቀረ።

መራጩ ግን ሁለቱን የድምፅ መስጫ ወረቀት ለይቶ አላየም። ክርክሩም ሰልፉም ስለ አገር ነበር፤ ስለ ቧንቧ ውኃና ስለ ቀበሌ ቤት የተከራከረ ብዙ አልነበረም። አገራዊው ስሜት የአካባቢውን ምርጫ ጠቅልሎ ወሰደው። በዚያ ላይ የምርጫ ሥርዓታችን በምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ሁሉን ይውሰድ የሚል ነው። በየምርጫ ክልሉ ስሜቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ፣ ኢሕአዴግን የመረጠው የአዲስ አበባ ሰው ቁጥሩ ምንም ያህል ቢሆን አንድም የፓርላማ ወንበር አያገኝም። ቅስቀሳ በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ጉልበቱ እጥፍ ድርብ ነው።

በአገር ደረጃ መልኩ ሌላ ነበር። ከክርክርና ከድጋሚ ምርጫ በኋላ በይፋ በተነገረው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 መቀመጫ አገኙ። ተቃዋሚዎች በገጠርም ያሸነፉባቸው ቦታዎች ነበሩ። ሆኖም ከከተማ በራቁ ቁጥር የቴሌቪዥኑ ክርክር እየደበዘዘ፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩ ቃል እየጎላ ይሄድ ነበር። ማዳበሪያ፣ ብድር፣ መሬት የሚያልፈው በእሱ እጅ ነውና።

◾️ ምላስም ያቆስላል

ቅስቀሳው ሁሉ የሚያኮራ አልነበረም። የገዥው ፓርቲ ባለሥልጣናት ተቃዋሚዎችን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር አነጻጸሩ። ከተቃዋሚውም ወገን ብሔርን ለይቶ የሚዘልፍ፣ የሚያስፈራራ ንግግር ተሰምቷል። የድምፅ ቆጠራው ሲዘገይና ሁለቱም ወገን «አሸንፌያለሁ» ሲል፣ አስቀድሞ የተዘራው ጥርጣሬ ቦታ አገኘ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በምርጫው ዕለት ምሽት በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰልፍ እንዳይደረግ ከለከሉ። ሰኔ 1 ቀን እና በ1998 ጥቅምት ማብቂያ በተነሳው ተቃውሞ፣ አጣሪ ኮሚሽን ኋላ እንደደረሰበት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። ከአንድ ወር በፊት ሁለት ጣቱን ቀስሮ የዘመረ ወጣት በጥይት ወደቀ። የዚያን ዓመት ምርጫ የሚያነሳ ሁሉ ይህን ሳያነሳ ማለፍ የለበትም።

ቅንጅት ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚል ተከፋፈለ። መግባት የለባችሁም የሚለው ግፊት ከአገር ውስጥም ከውጭም ነበር። መሪዎቹ ታሰሩ። ከንቲባ እንዲሆን የተመረጠው ብርሃኑ ነጋ አንድ ቀን እንኳ ከንቲባ ሳይሆን ወኅኒ ወረደ። 137 መቀመጫ ያሸነፈው ፓርቲ አዲስ አበባን አላስተዳደረም፤ ከተማዋ በ1998 በብርሃነ ደሬሳ ለሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች።

◾️ ኢሕአዴግ የተማረው

ተሸናፊ ከአሸናፊ በላይ ይማራል። ኢሕአዴግ ከ1997 የተማረው ክርክር እንዴት እንደሚረታ ብቻ አይደለም። ክርክር ውጤት እንዳይለውጥ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

ከጊዜው ዘግይቶ በሚያዝያ 2000 የተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ይህን አሳየ። የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ ተደረገ። በመላ አገሪቱ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ለውድድር ቀረበ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ወንበር ዕጩ ማቅረብ የሚችል ፓርቲ ማን ነው? ቀድሞ ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የኢሕአዴግ አባል በእነዚያ ዓመታት ወደ አራት ሚሊዮን አሻቀበ። ኅብረትና ኦፌዴን ዕጩዎቻችን እየተዋከቡ ነው ብለው ከውድድሩ ወጡ፤ ገዥው ፓርቲም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወሰደ።

ብዙዎች ያን ምርጫ ልብ አላሉትም። ሰልፍ የለም፣ ክርክር የለም፣ «የቀበሌ ምርጫ ምን ዋጋ አለው» ተባለ። ነገር ግን አንድ ቀበሌ 300 የምክር ቤት አባል ካለው፣ በየጥቂት ቤቱ አንድ የፓርቲ ሰው አለ። ኋላ የመጣው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በዚሁ መሠረት ላይ ነው የቆመው። ዋናው የምርጫ ዘመቻ የተካሄደው ያኔ ነበር፤ ያውም ያለ ማይክሮፎን።

በ2002 ዓ.ም. ክርክር ዳግም ነበር፤ መድረክም ተከራከረ። ውጤቱ ግን ከ547 መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545፣ መድረክ 1፣ የግል ዕጩ 1 ሆነ። በአዲስ አበባም በ1997 ለቅንጅት ያደላው ያው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት አሁን ፊቱን አዙሮ ለተቃዋሚው ያስቀረለት አንድ ወንበር ብቻ ነው። በ2007 ደግሞ ያችም አንዷ ጠፋች።

◾️ እንግዲህ

ሁለት ዓይነት ቅስቀሳ አለ። አንዱ በአደባባይና በቴሌቪዥን የሚደረገው ነው። ይህ ሕዝብን ያነቃል፣ ፍርሃትን ይሰብራል፣ የምርጫ ካርድ ወስዶ የማያውቀውን ሰው ያሰልፋል። 1997 እንዳሳየው በወራት ውስጥ ውጤት ሊለውጥ ይችላል። ሁለተኛው በየቀበሌው፣ በየዕድሩ ጥግ፣ ምርጫ በሌለበት ዓመት የሚደረገው ነው። ይህ ድምቀት የለውም፤ ግን የመጀመሪያውን ዋጋ ሊያሳጣ ይችላል።

ቅንጅት የመጀመሪያውን ዘመቻ አሸንፎ ሁለተኛውን ሳይጀምር ቀረ። ኢሕአዴግ ሁለተኛውን አሸንፎ የመጀመሪያውን ለይስሙላ አስቀረው፤ መቶ በመቶ ባሸነፈ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ በኦሮሚያ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል ሕዝብ ጎዳና ወጣ። በድምፅ መስጫ ሳጥን መናገር ያልቻለ ሕዝብ ሌላ መናገሪያ መፈለጉ አይቀርም።

ስለዚህ በማናቸውም መጪ ምርጫ ላይ ሰልፉ ምን ያህል ደመቀ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። በክርክሩ የተረታ ወገን በርግጥ ሊሸነፍ ይችላል ወይ? የቀበሌውንስ ወንበር ማን ያዘው? ልብ ይሏል፤ በ1997 ሁሉም ዓይኑን አደባባዩ ላይ ተክሎ ነበር፣ የሚቀጥሉት ዓመታት የተወሰኑት ግን በቀበሌ ነው።