ከአንድ «መብላት» የተወለዱ ስሞች

እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ፣ የተመራማሪው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ቤተሰብ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎችን ትርኢት ለማየት ወደ ሰርከስ ወጣ። እሱ ግን ቤት ቀርቶ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። የሚመለከተው የባሕር ኮከብ እጭ ነው፤ ገላው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሕዋሳት ወለል ብለው ይታያሉ። ድንገት አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። እሾህ የወጋው እግር መግል ይቋጥራል፤ እጩስ ቢወጋ? ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ እጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነጋ።

ጠዋት ሕዋሳቱ እሾሁን ከበውት አገኘ።

በዘመኑ ብዙ ሐኪሞች ነጭ የደም ሕዋስ ጀርም ተሸክሞ በሰውነት ውስጥ ያዛምታል ይሉ ነበር። ሜችኒኮፍ «ተሸክሞ ሳይሆን በልቶ ነው» ባይ ሆነ። ለእነዚህ ሕዋሳት ስም ያወጣላቸው ግን የቪየናው የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ካርል ክላውስ ነው፤ «ፋጌይን» (መብላት) ከሚለው የግሪክ ግሥ «ፋጎሳይት» አላቸው። በግዕዙ «በላዔ ሰብእ» ጆሮው የለመደ አንባቢ የስሙ አሠራር አይከብደውም፦ በላዔ ሕዋስ እንደማለት ነው። ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከፖል ኧርሊክ ጋር ተካፈለ።

ግሡ ከዚያ በፊትም በሕክምና ቤት ባይተዋር አልነበረም። ምግብን ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚያወርደው ቱቦ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ «ኢሶፋገስ» ነው፤ መዋጥ ሲያቅት «ዲስፋጂያ» ይባላል። ትልልቆቹን በላተኞች «ማክሮፋጅ» ያላቸው ራሱ ሜችኒኮፍ ነው። ሕዋስ ያረጀ አካሉን ሲበላ ደግሞ ክርስቲያን ደ ዱቭ እ.ኤ.አ. በ1963 «አውቶፋጂ» አለው፤ የዚህን አሠራር በእርሾ ላይ የፈተሸው ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል ወሰደ። የድንጋይ ሬሳ ሣጥኑ «ሳርኮፋገስ» ሳይቀር ሥጋ በላ ማለት ነው፤ የጥንት ሰዎች አንዳንድ ድንጋይ አስከሬን ይጨርሳል ብለው ያምኑ ነበር።

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስሙ የማይገባው አንድ አባል አለ። ፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትሉ ባክቴሪያዎችን የሚያጠፋ አንዳች ረቂቅ ነገር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1917 «ባክቴሪዮፋጅ» አለው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት ተመሳሳይ ነገር ማየቱን ከሁለት ዓመት በፊት ጽፎ ነበር፤ ዓለም የያዘው ግን የዴሬልን ስም ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ «ባክቴሪያ በላ» አፍም ሆድም የለውም። ቫይረስ ነው፤ ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ይራባና አፈንድቶት ይወጣል።

ስሙ ቢያሳስትም ሥራው ሐሰት አልነበረም። ዴሬል ዝግጅቱን መጀመሪያ ራሱ ጠጥቶ ከሞከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 ለታመመ ልጅ ሰጠው፤ ልጁም ዳነ። የዴሬል ወዳጅ ጊዮርጊ ኤሊያቫ እ.ኤ.አ. በ1923 በጆርጂያዋ ትብሊሲ የምርምር ተቋም አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 በስታሊን ዘመን ተረሸነ። አብዛኞቹ ምዕራባውያን ፔኒሲሊን ሲስፋፋ ባክቴሪዮፋጅን፣ ባጭሩ ፋጅን፣ ተዉት፤ ትብሊሲ ግን አልተወችም። ዛሬ በኤሊያቫ ስም የሚጠራው ያ ተቋም አንቲባዮቲክ እምቢ ያላቸውን ሕሙማን ከውጭ አገር ጭምር እየተቀበለ በፋጅ ያክማል።