ነጩ ጨው በሊማሊሞ ቁልቁለት

ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ከአገር ቤት ስንመጣ ልብሳችንንና በሶአችንን በማዳበሪያ ቋጥረን የመጣን? ማዳበሪያ ስንል ጆንያውን ማለታችን ነው። የደባርቅም ሆነ የድብ ባሕር ሰው ይህን የላስቲክ ጆንያ በሌላ ስም ሲጠራው ብዙም አይሰማም። እህል ይከተትበታል፣ ገለባ ይሸከሙበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ከራስ ላይ ይደፋል። ጨው ከውስጡ አለቀና ስሙ ከላዩ ቀረ። የታተመበትን የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ግን ያነበበልን አልነበረም። እስቲ ዛሬ ጆንያውን ገልብጠን እናንብበው።

ድብ ባሕር ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ለወረደ መንገደኛ ከገደሉ በታች የምትገኝ ናት። ከላይ ደጋው የገብስ አገር ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ ጤፍና ማሽላ ይመጣል። በዚህ ሁሉ አገር ገበሬው «ናይትሮጅን» የሚል ቃል ሳይሰማ ናይትሮጅንን ያውቅ ነበር። ባቄላ የተዘራበት ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ገብሱን እንደሚያፋፋው ያውቃል። መሬቱን ያሳርፋል፣ ፍጉን ጓሮው ላይ ይበትናል። ምስጢሩ ይኸው ነው፦ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ሰብል በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። በባቄላ ሥር እብጠት ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ግን ይይዙታል። ኋላ ላይ እርሻው ጠበበ፣ ዕረፍት ቀረ፣ ዛፉ አለቀና ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ። የማሳው ቀለብ በጭስ ማውጫ ወጣ ማለት ነው። ለዚህ ገበሬውን የሚወቅስ ካለ መጀመሪያ እንጀራውን በምን እንደሚጋግር ይንገረው።

ጨዉ ራሱ ከሌላ አገር ነው የመጣው። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 የአየርን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ አወጣ፤ ካርል ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1913 ኦፓው ላይ ነገሩን ፋብሪካ አደረገው። ወዲያው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና ለእርሻ የታሰበው አሞኒያ ለጥይት ዋለ። መቼም ይህ ዝምድና ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ድሮ በአገራችን ባሩድ ሲቀመም ከድኝና ከከሰል ጋር የሚገባው ነጭ ጨው ናይትሬት ነው። ዳቦውም ባሩዱም ከአንድ ቤት ወጡ።

ከአሞኒያ ከሚወለዱት ጨዎች ስሙ የገነነው አሞኒየም ናይትሬት ነው። ከመቶ ኪሎው ወደ 34 ኪሎ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው። ነጭ ፍሬ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቶሎ ይሟሟል፣ ሲሟሟም ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። እርጥበት ይስባል፤ ስቦም እንደ አሞሌ ይደድራል። ብቻውን አይነድም፤ ሌላው ሲነድ ግን ኦክስጅን እያቀበለ ያባብሳል። ስለዚህ ከናፍጣ፣ ከገለባና ከድኝ ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቤት፣ እሳት በማይደርስበት መቀመጥ አለበት። ይህን የናቀ ሁሉ ዋጋ ከፍሏል። ያው ኦፓው እ.ኤ.አ. በ1921 ይህ ጨው የተቀየጠበት ክምር ደደረባቸውና ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው በፈንጂ ሊያላሉት ሲሞክሩ ከ500 በላይ ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ የጫነው መርከብ ተቃጥሎ ሲፈነዳ ወደ 580 ሰው ሞተ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ቤይሩት ላይ፣ ለዓመታት በመጋዘን የተረሳ 2,750 ቶን ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በዚያች ከተማ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ብዙ ነበሩ፤ ያን ቀን ስንቱ የኢትዮጵያ ቤት ስልክ ይዞ እንዳደረ እናውቃለን።

ከዚያ ወዲህ «እቤታችን ያለው ማዳበሪያስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ፦ ገበሬያችን ቤት የሚገባው በአብዛኛው ዩሪያ ነው፤ ዩሪያም የአሞኒያ ልጅ ነው እንጂ አሞኒየም ናይትሬት አይደለም፣ እንደዚያም አይፈነዳም። የዩሪያ አደጋ ዝምተኛ ነው። ከብት ጨው መስሏት ብትልሰው፣ ወይም የተሟሟበትን ውሃ ብትጠጣ፣ አሞኒያው ሆዷ ውስጥ ተለቅቆ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ሐኪም እስኪደርስ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃና አቼቶ ይሰጣታል። ከዘር ጋር ተጠግቶ ከወደቀ ቡቃያውን ያቃጥላል። በደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ ፀሐይ ላይ ከዋለ ገሚሱ እንደ ኩበቱ አየር ላይ ይቀራል፤ አፈር ሊለብስ ይገባል። በዳገት ላይ ባንዴ ከተጨመረ ደግሞ የሐምሌ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል፤ ስለዚህ ከፍሎ መጨመር ነው። ባዶ ጆንያውም እህል ከመያዙ በፊት በደንብ ይታጠብ፤ እጣቢውን ከብት እንዳትደርስበት።

ይህ እውቀት ከጨዉ ጋር ለምን አልመጣም? ማዳበሪያ በአገራችን ጠንከር ብሎ የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ በተደረጉ ሙከራዎችና በስዊድን እርዳታ አርሲ ውስጥ በተቋቋመው በጭላሎ ድርጅት፣ በካዱ ነው። በ1964 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው አነስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራም የመኪና መንገድን ተከትሎ ሄደ። የሊማሊሞ ጭሰኛም ባለርስትም ከመንገዱ በራቀ ቁጥር ከጨዉ ራቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጨዉ ግን ያው ከላይ የሚወርድ ነገር ሆኖ ቀረ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው የተሠራጨው ፓኬጅ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ይላል፤ ለሜዳውም ለዳገቱም አንድ ልክ! ድጎማው በ1989 ዓ.ም. ተነሣና ዋጋው ገበሬው ትከሻ ላይ ወደቀ። ዕዳውን ለመክፈል በሬውን የሸጠ ሰው አናጣም። በ2006 ዓ.ም. አካባቢ ዳፕ ሄዶ ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ መጣ፤ የቀለሙ ለውጥ ታየ፣ ምክንያቱ ግን ለብዙው ሰው አልተነገረም። ለምዶት መሬቱም ካለሱ አልሰጥ ካለ በኋላ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ጠፋ፤ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ጮኹ።

ጆንያችን አሁንም ከአልጋችን ሥር ነው። ለክረምት ስንመለስ አባታችን «ይሄ ምን ይላል ልጄ?» ቢሉን የምንመልሰው አለን። 46-0-0 ይላል አባባ፤ ከመቶው ኪሎ 46ቱ ናይትሮጅን ነው፣ ሁለቱ ዜሮዎች ፎስፎርም ፖታሽም የለበትም ማለት ናቸው።