ቤተሰብ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚጠብቀው ውጤትና የትምህርቱ አካሄድ

ልጅን ዩኒቨርሲቲ ማስገባት ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ልፋት ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው ሕክምና ወይም ምህንድስና ብቻ እንዲያጠና፣ በሁሉም ኮርሶች የላቀ ውጤት እንዲያመጣና እንደተመረቀ ሥራ ይዞ ቤተሰቡን እንዲረዳ መጠበቅ ከአቅም በላይ ጫና ሊፈጥርበት ይችላል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ። የትምህርት ክፍል ምደባ የሚከናወነው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ከተማሪው ምርጫ በተጨማሪ ውጤቱና የትምህርት ክፍሉ የቅበላ አቅም ይወስኑታል። በመሆኑም የመጀመሪያ ምርጫውን ያላገኘ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። የማለፊያ ነጥቡ 50 በመቶ ነው፤ ያላለፈ ተማሪ በድጋሚ መፈተን ይችላል።

ጫናው ሲበረታ አንዳንድ ተማሪዎች ዝቅተኛ ውጤታቸውን ይደብቃሉ፤ ለማንም ሳያሳውቁ ግቢውን ለቀው የሚሄዱም አሉ። በሕመም ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ትምህርቱን ለማቋረጥ የሚገደድ ተማሪ ከመሄዱ በፊት ሬጅስትራር ቀርቦ የዊዝድሮዋል ቅጽ መሙላት ይኖርበታል። ይህን ሳያደርግ የሄደ ተማሪ ወደ ትምህርቱ የመመለስ ዕድሉን ሊያጣ ይችላል።

ጭንቀት የገጠመው ተማሪ የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤትን ወይም የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት ማነጋገር ይችላል። ወላጆችም ስለ ውጤቱ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ጤናውና ስለ ኑሮው ቢጠይቁት፣ ችግሩን ሳይረፍድ ለመናገር ይደፍራል።