ከሜዳ ውጪ፦ የሴቶች ቅርጫት ኳስና የጎጃም መንገድ

በእንዲህ ዓይነት መጽሔት ላይ ስለ ሕንጻና ስለ ተመራቂ ብዛት የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ ግን አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ላነሣ ነው፤ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከሜዳው ውጪ ለመጫወት ሻንጣውን ሲሸክፍ ምን ይሆናል? ታሪኩ ከምናስበው በላይ ረጅም ነው፤ ወደ እኛ መንገድ የሚደርሰውም ዞሮ ዞሮ ነው።

በሩ ተዘግቶ የተጀመረ ጨዋታ

ቅርጫት ኳስን በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር ነው። አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ በወወክማ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ብርዱ ከቤት አላስወጣ ያላቸውን ተማሪዎቹን ለማጫወት ሁለት የኮክ ቅርጫት ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ወደ ሀገራችን ስንመጣም የድሮ አዲስ አበቤ ቅርጫት ኳስ ሲባል ቶሎ የሚታወሰው የወወክማ ሜዳ ነው።

ሴቶቹ ብዙ አልቆዩም። በስሚዝ ኮሌጅ የስፖርት መምህርት የነበረችው ሴንዳ ቤረንሰን ጨዋታውን ለሴት ተማሪዎቿ አስተማረች፤ በ1885 ዓ.ም. የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ተጋጠሙ። ወንድ ተመልካች አልተፈቀደም፤ በሩ ተዘግቶ ነው የተጫወቱት። ሕጉም ለሴት ተብሎ ተቀየረ። ሜዳው በሦስት ተከፈለ፤ ተጫዋቿ ከተመደበችበት ክፍል መውጣት አትችልም፤ ኳስ ከእጅ መንጠቅም ክልክል ነው። ሴት ብዙ ከሮጠች ትጎዳለች ተብሎ ይታመን ነበርና። በአሜሪካ ኮሌጆች ሴቶች አምስት ለአምስት ሆነው ሙሉ ሜዳ እንዲሮጡ የተፈቀደው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ነው። ኦሊምፒክ የገቡትም በ1968 በሞንትሪያል ነው፤ ሀገራችን ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር ሆና ባልተካፈለችበት ኦሊምፒክ ማለት ነው።

በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶች መካከል የመጀመሪያው ግጥሚያ የተደረገው መጋቢት 27 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ዐድዋ ካለፈ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው። የስታንፎርድና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ከየግቢያቸው ወጥተው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተገናኙ። በየወገኑ ዘጠኝ ሆነው ተጫወቱ፤ ስታንፎርድ 2 ለ 1 አሸነፈ። ተመልካቹም ሴት ብቻ ነበር። ይሁንና ሦስት ዓመት ተኩል ያህል እንዳለፈ ራሱ ስታንፎርድ ሴት ተማሪዎቹ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡድን ስፖርት እንዳይጋጠሙ ከለከለ። እዚያው ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ ማንም አልተቆጣም፤ ነገር የመጣው ከግቢ ሲወጡ ነው።

ለዘመቻ የተፈቀደ መንገድ

ታዲያ የጎጃም ሴት ከቤት ርቃ መሄድን ከማን ተማረች? ከማንም። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ወደ ዐድዋ ሲዘምት እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ጦር ሁሉ ሴቶች አብረው ተጉዘዋል። በሶውን የቋጠረች፣ ውኃውን የተሸከመች፣ ቁስለኛውን ያስታመመች እሷ ናት። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅም ሴት ተማሪዎች ከወንዶቹ እኩል ገጠር ወርደዋል። ለዘመቻ፣ ለገበያ፣ ለንግሥ፣ ለለቅሶ ሲሆን «ሴት ልጅ መንገድ አትውጣ» ያለ ብዙ አልነበረም። ጥያቄው የሚመጣው ለጨዋታ ስትሄድ ነው።

ለትምህርትም ቢሆን የጎጃም ልጅ ለብዙ ዘመን «ከሜዳ ውጪ» ተጫዋች ነበረች። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲከፈት መድረስ የሚቻለው ዓባይን ተሻግሮ ነው። በኋላ ባሕር ዳር ላይ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955፣ የፔዳጎጂ አካዳሚው ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲመጡ መንገዱ አጠረ። የእኛው ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጡት ልጆች እንግዳ፣ እኛ ባለ ሜዳ ሆንን።

እዚህ የምትመጣ አንዲት የገጠር ልጅ ቅርጫት ኳስ በእጇ ነክታ ላታውቅ ትችላለች። ባዶ እጇን መጣች ማለት ግን አይደለም። ቅልልቦሽ ስትጫወት ያደገች ልጅ ዓይንና እጇ ተግባብተዋል፤ ጠጠሩን ወርውራ ሌላውን አንሥታ መልሳ ትቀልባለች። ሱዚ የዘለለች እግሯ ልክ ያውቃል። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መቆምን አስተምሯታል። እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች ልጅ ትንፋሿ ቶሎ አይቆረጥም። ቅርጫቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ላይ ነው፤ ለሴትም ለወንድም እኩል። ለሴቶች የሚለየው ኳሷ ናት፤ ስድስት ቁጥር የምትባለው፣ ዙሪያዋ 72 ሴንቲ ሜትር ግድም የሆነችው።

ሻንጣ ሲሸከፍ

የመንገድ ጨዋታ ዝግጅት ከሜዳ አይጀምርም፤ ከስልክ ነው የሚጀምረው። «ማን ይዟችሁ ነው የሚሄደው? የት ነው የምታድሩት? ልጄ፣ እኔ የላክሁሽ ለትምህርት እኮ ነው!» ይላል አባት። አይፈረድበትም። አሠልጣኙ ራሱ ደውሎ፣ አብራ የምትሄድ ሴት መምህርት እንዳለች ነግሮ፣ የመመለሻውን ቀን ቆርጦ ካስረዳ ብዙው ይፈታል። ቁምጣ የሚለው ጉዳይም አለ፤ ከሥር ረጅም ጠባብ ሱሪ ማድረግ መላ ይሆናል። የዓለም ፌዴሬሽኑም ከ2010 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ፀጉር መሸፈኛ ፈቅዷል፤ ስለዚህ ሙስሊም እህታችን ሻሽሽን አውልቂ አትባልም።

ቀጥሎ ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ልጅ በሰባት ሰዓት ሩጪ አትባልም። የሚያውቅ አሠልጣኝ ልምምዱን ወደ አመሻሽ ይገፋል፤ በሶና ተልባ፣ ሽሮና ምስር በጊዜው እንዲቀርብ ከምግብ ቤቱ ጋር ይነጋገራል። ረመዳን ሲሆንም እንዲሁ።

ከዚያ ኳሷ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር ግን 1,800 ገደማ። እዚህ በልክ የተነፋች ኳስ ቆላማ ቦታ ስትደርስ የውጪው አየር ይጫናትና ትላላለች፤ መሬት ስትመታ በቂ አትነጥርም። ስለዚህ መንፊያውና መርፌው ከማሊያው ቀድሞ ሻንጣ ይገባል። የወር አበባ መጠበቂያም እንዲሁ። በጀት የሚያጸድቅ ወንድ ይህን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል፤ ልጅቷ ግን በእሱ ምክንያት ከጨዋታ ትቀራለች።

አሥራ ሁለት ልጆች አውቶቡስ ውስጥ ገቡ እንበል። ወደ ሰሜን ከሆነ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ እያሉ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከሆነ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ በሉማሜ፣ በደጀን አድርጎ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይጠብቃል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ተከፈተ እንጂ መጠምዘዣው እንዳለ ነው። ደጀን ላይ ካፖርት የለበሰች ልጅ ድልድዩ ላይ ላብ ያጠምቃታል፤ ጎሐ ጽዮን ስትደርስ ደግሞ ካፖርቷን ትፈልጋለች። ሆዷ የሚገለበጥባት አትጠፋም። ለዚህ ነው ከጨዋታው አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ ግድ የሚሆነው፤ የበረሃውን መንገድ የዋለ እግር በዚያው ዕለት 40 ደቂቃ ሊሮጥ አይችልም።

ዛሬ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ይህ ሁሉ ዝግጅት ከንቱ የሚሆንበት ቀን በዝቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ስልክ ይጠፋል። የአባት «የት ነው የምታድሩት?» ዛሬ ከይሉኝታ የመጣ ጥያቄ አይደለም፤ የነፍስ ጥያቄ ነው። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ቀድሞ የሚቀረው የሴቶች ጉዞ ነው። «ሰላም ሲሆን» ተብሎ ይቆያል፤ ልጅቷ ግን አራት ዓመቷን ጨርሳ ትመረቃለች። ሰላም ሲመጣ ከሚመለሱት ነገሮች መጨረሻው እንዳይሆን ካሁኑ መናገር አለብን።

ከሜዳው ውጪ የሚጫወት ቡድን የሚቸግረው ደጋፊ ነው። አዳራሹ ሁሉ ለባለ ሜዳው ይጮኻል፤ እንግዶቹን የሚያውቃቸው የለም። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ግን በባሕር ዳርም፣ በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም፣ በሐዋሳም ተበትነናል። ደብረ ማርቆስ ትመጣለች ሲባል ሥራችንን አስፈቅደን፣ ልጆቻችንን ይዘን፣ ብርቱካንና ውኃ ገዝተን ብንገኝ ምን ይከብደናል? ሴት የሆንሽ ተመራቂ ደግሞ ስልክሽን ለአሠልጣኙ ስጪ። ያ የሚጨነቅ አባት ሲደውል «እኔም እዚያው ግቢ ተምሬአለሁ፤ ልጅዎ እኔ ዘንድ ናት፤ አይስጉ» የሚል ድምፅ ይስማ።