የፒር አበባና የንብ ክስ

ማር በማሰሮ ተከድኖ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ በውኃ ተበርዞ ሲያድር ግን መፍላት እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። የአበባም ወለላ እንዲሁ ነው። ወፍራም ሲሆን ጥቃቅን ተሕዋስያንን ይከለክላል፤ ጤዛና ዝናም ሲያቀጥነው ግን ይቀበላቸዋል። ይህን በግልጥ ያስረዳ የፖም ወገን የሆነው የፒር ዛፍ ሕማም ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ገደማ፣ በኒውዮርክ ግዛት በሀድሰን ወንዝ ሸለቆ፣ የፍሬ ዛፎች አበባቸውና ቅርንጫፋቸው እሳት እንደ ለበለበው እየጠቆረ ይደርቅ ጀመር። አንዱ ነገሩን ለመብረቅ፣ ሌላው ለፀሐይ ግለት፣ ሌላው ለትል ሰጠው። ክርክሩ መቶ ዓመት ያህል ቆየ። በ1880 ገደማ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቶማስ በሪል ሕማሙን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ገለጡ። ባክቴሪያ ተክልን ያሳምማል ብሎ የሚያምን ሊቅ በዚያ ጊዜ ጥቂት ነበርና ቃላቸው በቀላሉ አልተወሰደም።

ይሁንና ክንፍም እግርም የሌለውን ነገር ከዛፍ ወደ ዛፍ ምን አሻገረው? መልሱን ያገኙት በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ይሠሩ የነበሩት ሚስተር ሜርተን ዌይት ናቸው። በ1890ዎቹ መግቢያ አንዳንዱን አበባ በባክቴሪያው በከሉ፤ ሌላውን በመረብ ሸፈኑ። ንብ የደረሰበት ታመመ፤ መረብ የጋረደው ዳነ። ከንቦቹም አፍ ያንኑ ባክቴሪያ አገኙ።

ንብ ተከሰሰች። ቀፎ ይነሣልን የሚሉ አትክልተኞችም ተነሡ። ዳሩ ግን እኚሁ ሰው በቨርጂንያ ባደረጉት ምርመራ፣ ባርትሌት የተባለው ፒር ብቻውን ሲተከል እምብዛም እንደማያፈራና ከሌላ ዓይነት ፒር የአበባ ዱቄት የምታመጣለት ንብ እንደምታስፈልገው አስረድተው ነበር። እንግዲህ ቀፎውን ያባረረ ፍሬውንም አብሮ ማባረሩ ነው። ገበሬን ከዚህ የከፋ ጭንቅ ይገጥመዋል ብዬ አልገምትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው በብዛት የሚራባው በወለላው ሳይሆን በአበባው ሴቴ አካል ጫፍ መሆኑን ደረሱበት። ጤዛና ዝናም ከዚያ አጥቦ ወደ ወለላው ጽዋ ያወርደዋል፤ በጽዋው ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎችም ወደ ዛፉ ሰውነት ይገባል። ስለዚህ ያን ጫፍ አስቀድሞ የሚይዝ፣ ዛፉን የማይጎዳ ሌላ ባክቴሪያ ተፈለገ። በ1992 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት ይህ በጎ ባክቴሪያ ከአበባ ዱቄት ጋራ ተቀላቅሎ በቀፎ ደጃፍ ተነሰነሰ፤ ንቦቹም ሲወጡ እየረገጡት ወደ አበባው ይዘውት ሄዱ።