ከአጥር ወደ በረንዳ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን፣ ጽድና ወይራ ኮሶም ባለበሱት በዚያ ተራራና በግርጌው በየካ ለሚኖር ሰው፣ የመርዛም ዕፅ ማደሪያው ከቤት ውጭ፣ የድመትም ግብሯ ከጎተራና ከብራና መጻሕፍት ዙሪያ አይጥን ማሳደድ ነበር። ቅንጭብ፣ ወተቱ ዓይን የሚያጠፋ ስለ ሆነ፣ አጥር ሆኖ ከብት ይመልሳል፤ እንዶድም ፍሬው ተወቅጦ ሸማ ያጥባል እንጂ ወደ እልፍኝ የሚገባበት ምክንያት የለውም፤ ኮሶውን ግን ሰው ራሱ እየለካ ይጠጣው ነበርና፣ መድኃኒትና መርዝ በመጠን እንደሚለያዩ ለመረዳት መምህር አላስፈለገውም።

ከዓድዋ ድል በኋላ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ለጋሲዮኖች በተራራው ግርጌ ሰፊ ቦታ ተቀብለው ሰፈሩ፤ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍም ማገዶ ጠፍቶበት ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር የነበረውን የአዲስ አበባ ከተማ በስፍራው አጸናው። (ለጉንፋን የምንታጠነው ይህ ቅጠል፣ ዘይቱ ለድመት መርዝ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?) ለመድኃኒት ሳይሆን ለዓይን ደስታ ብቻ የሚተከል ጽጌም ከመኳንንቱ ግቢ ተነሥቶ፣ ቀስ በቀስ በወተት ጣሳ ውስጥ ሆኖ በተርታው ሰው በረንዳ ተደረደረ፤ መርዝ ከስሙ ተለይቶ ወደ ቤት የገባው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል፤ ቅንጭብን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፣ እንግዳውን አበባ ግን በውበቱ ብቻ ነበር የምናውቀው።

በልጅነቴ፣ በቀበና ወንዝ አፋፍ ላይ በነበረው በአክስቴ ቤት በረንዳ፣ ነጭ ጥሩንባ መሰል አበባ የሚያወጣ ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል ነበረ። አንድ ቀን ድመቷ ለሃጯን እያዝረበረበች፣ አፏን በመዳፏ እየፋቀች መጥታ ከእግራችን ሥር ተወሸቀች፤ አክስቴም “እኔን! ቡዳ በላብኝ” ብለው ጤና አዳም አሽተው ወደ አፍንጫዋ አስጠጉላት። እኔ ግን በቅጠሉ ጠርዝ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ የደቀቁ የጥርስ ምልክቶች አየሁ። መርፌ ማለቴም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ቅጠል ውስጥ ለዓይን የማይታዩ፣ እንደ መርፌ የሾሉ ደቃቅ ነገሮች አሉና፣ ሲታኘክ ምላስንና ላንቃን ይወጋሉ፤ ያሠቃያሉ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይገድሉም። ይህንንም ተክል ሊሊ የሚሉት አሉ፤ እውነተኛው ሊሊ ግን የከፋ ነው፤ ድመት ከጠጉሯ ላይ ልሳ የዋጠችው ብናኙ እንኳ ኩላሊቷን ያበላሻልና፣ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያሻል። ለተቃጠለ ገላ የምንቀባው ዕሬትም እርሷን ያስመልሳታል።

አክስቴ አበባውን ለመጣል አልጨከኑም። ጣሳውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ግቢውን አቋረጡና፣ እንዶድ ከተጠመጠመበት አጥር ባሻገር አኖሩት፤ ድመቷም በማግሥቱ፣ ጣሳው በረንዳው ላይ በተወው ክብ የውኃ ምልክት መካከል ተኝታ ፀሐይ ትሞቅ ነበር።